የእናቴ እጆች የተፈቱበት ዓመት

ሰሊጥ ጠዋት ይታጨዳል። ፀሐይ ከበረታ ፍሬው አፉን ከፍቶ የዓመት ልፋት መሬት ላይ ይዘረግፋል፤ ስለዚህ የመተማ ገበሬ ጤዛው ሳይረግፍ አጭዶ፣ ነዶውን አስሮ ያቆማል። የእናቴ እጆች ደግሞ ሥራ የሚጀምሩት እኩለ ቀን ሲቃረብ ነበር። ጠዋት ጣቶቿ አብጠው፣ ድርቅ ብለው፣ የሻይ ብርጭቆ እንኳ መጨበጥ ያቅታቸዋል። ሕመሙ አድልዎ አያውቅም፤ ግራው ያበጠበት አንጓ ቀኙም ላይ ያብጣል።

ቁርጥማት ነው አሉ፣ ብርድ ነው አሉ። እናቴ ከደጋ ወርዳ የተዳረች ናትና የደጋው ብርድ አጥንቷ ውስጥ ተደብቆ አብሯት መጥቷል ይሉ ነበር። ጥላ ሥር የተቀመጠን ሰው ላብ በሚያጠምቀው አገር ይህ ብርድ እስካሁን እንዴት እንዳልቀለጠ የጠየቀ የለም። በሰሊጥ ዘይት አሿት፣ በዋግምት ታገመች፣ ከድንበሩ ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት የመጣ ቅባት ተቀባች። ቅባቱ ሽታው ብቻ ቀረ።

አንድ ዓመት ግን ለቀቃት። እኔን ያረገዘችበት ዓመት ነው። አባቴ እንደሚያወጋው፣ ከደጋ ከወረዱት ሠራተኞች ጋር በጤዛ ተሰልፋ ነዶ ታስር ነበር። ሆዷ እየገፋ በሄደ ቁጥር እጇ እየተፈታ ሄደ፤ ጎረቤቱም ገና ሳልወለድ ገደኛ ብሎኝ ነበር። ተወለድኩ። ክርስትናዬ ሳይደርስ እጆቿ እንደገና አበጡ፤ ከበፊቱም ባሰባት። የምታርሳት የአባቴ እህት «ይቺ ልጅ የእናቷን እጅ ይዛ ወጣች» አለች። ክፋት አልነበራትም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። ቃሉ ግን ከቤት ቤት ዞሮ፣ እኔ ነፍስ ሳውቅ ቆሞ ጠበቀኝ።

እኛ ዘንድ ቀኑ የጠመመበት ሰው «ዛሬ የማንን ፊት አይቼ ነው?» ይላል። እናቴን የሚብስባት ጠዋት ነውና የእኔ ፊት ተጠረጠረ። ስለዚህ አክስቴ ቤት ማደር ጀመርኩ። እናቴ አልወደደችውም፤ ከባሏ ዘመዶች ጋር የምትሟገትበት አቅም ግን አልነበራትም። ጠዋት ጠዋት አክስቴ ደጃፍ ተቀምጬ ፀሐይዋ እስክትበረታ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ እሮጣለሁ። እስክደርስ እጆቿ መፈታት ጀምረዋል። ፀጉሬን ትዳብስልኛለች፤ መጎንጎኑ ግን አይሆንላትም። ገደ ቢስ መሆኔን አምኜ አደግሁ። «አንቺ አይደለሽም የኔ ልጅ» ትለኝ ነበር። እናት መቼም ሌላ ምን ትላለች ብዬ አላመንኳትም።

ከፍ ስል ሕመሙ ጉልበቷም ገባ። በደርግ ጊዜ ያለ ይለፍ መንገድ አይወጣምና አባቴ ከቀበሌ ወረቀቱን አውጥቶ፣ ሰሊጥ የጫነ መኪና ላይ አሳፍሮ ወደ ጎንደር ላከን። አክስቴ ሌላ ሰው ያድርሳት ብላ ነበር። እናቴ ግን ልጄ ካልሄደች አልሄድም አለች፤ እንዲህ ሙጭጭ ስትል አይቻት አላውቅም። ጎንደር ባደርንበት ቤት አንድ አልጋ ላይ ተኛን። ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ አገኘችኝ።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። አንጓዎቿን አንድ በአንድ ጫን ጫን እያደረገ አየና ብርድ አይደለም አለ። ሰውነት በደሙ ውስጥ የሚዘዋወሩ ጠባቂዎች አሉት፤ ከውጭ የገባ ተህዋስ ካገኙ ያጠፋሉ። በዚህ በሽታ ግን ይሳሳታሉ። መገጣጠሚያውን ከውስጥ የሚያለብሰውን ስስ ሽፋን እንደ ባዕድ ቆጥረው ይነሡበታል። ሽፋኑ ያብጣል፣ ይወፍራል፣ ውሎ አድሮም አጥንቱን ይበላል።

«የገዛ ውሻዬ ነው የነከሰኝ በሉኛ» አለች እናቴ። ሐኪሙ ሳቀ።

ታዲያ ይቺን ሳረግዝ ለምን ተወኝ ብላ ጠየቀችው። ብዙ ሴቶች ላይ ይታያል አላት። ጽንስ ግማሹ ከአባቱ ስለሆነ ለእናቱ ሰውነት እንግዳ ነው። እንዳይነኩት ሰውነቷ ጠባቂዎቹን ያረጋጋቸዋል፤ እነሱ ሲረጋጉ መገጣጠሚያዎቿም እፎይ ይላሉ። እንዴት እንደሚያረጋጋቸው ገና ተጠንቶ አላለቀም። ልጁ ሲወለድ ጠባቂዎቹ ወደ ቀድሞ ሥራቸው፣ ወደ ቀድሞ ስሕተታቸውም ይመለሳሉ። በሽታው ከልጅቷ በፊትም የነበረ ነው፤ እሷ ያመጣችው ዕረፍቱን ነው አለ።

ይህን ሁሉ የሚናገረው ለእናቴ ነበር። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ እግሬን አያለሁ፤ ጆሮዬ እየሰማ ልቤ ስለ ሌላ ልጅ የሚነገር ይመስለዋል። መድኃኒት ሊያዝላት ሲያጎነብስ ባበጠው እጇ ክንዱን ያዘችው።

«እኔስ ድሮም አውቀዋለሁ ዶክተር» አለችው። «የታመምኩት እኔ፣ ያረፍኩትም እኔ። የመጣሁት ለእሷ ብዬ ነው፤ ከእኔ አፍ አልሰማ ብላኛለች። እስቲ ለእሷ ይንገሩልኝ።»

ሐኪሙ ዞሮ አየኝ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ፤ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ አስቀመጠኝና ከመጀመሪያው ጀመረ።