የጎረቤታችን እርጥብ እጅ

ነጭ ሽንኩርት በወቀጥኩ ቁጥር እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና እታጠባለሁ። ሽታው ግን አይለቅም፤ ያችን ሴትና የከረሜላውን ጠርሙስ ይዞብኝ ይመጣል።

ይኸውላችሁ፣ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የምንኖረው ከአማኑኤል ወደ መርካቶ ሲወረድ፣ አራት ቤት አንድ ቧንቧ በሚጋራበት የቀበሌ ግቢ ነበር። አባቴ ጭድ ተራ ፕላስቲክ ዕቃ ይነግዳል። ለልጅ መጫወቻ ገዝቶ የማያውቅ ሰው፣ ከክፍሌ ሁለተኛ ስወጣ ምን እንደነካው እንጃ፣ ውሃ በሞላ ፌስታል ሁለት ወርቃማ ዓሦች አንጠልጥሎ መጣ። በበርበሬ በረንዳ ሲያልፍ አስነጥሶት ዓይኑ ደም መስሏል፤ ዓሦቹን ግን በጃኬቱ ሸፍኖ ነው ያደረሳቸው። ትልቅ የከረሜላ ጠርሙስ ውስጥ ገለበጣቸውና በረንዳችን ላይ ባለችው ጠረጴዛ አስቀመጠልኝ።

“እዚህ ውሃ ውስጥ እጁን የሚያስገባ ወዮለት” አለ።

የአባቴን ቀበቶ ስለማውቀው በሩቁ ነበር የማያቸው። የከሰዓት ፀሐይ ሲያርፍባቸው ጀርባቸው ያበራል፣ ጥላቸው ግድግዳው ላይ ይርገበገባል። በሕይወቴ የራሴ የምለው ነገር ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን የትራስ ልብስ እየሰፋች የምትሸጥ፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ናት። እናቴ ገበያ ስትውል የምበላው እሷ ቤት ነው፤ ፀጉሬን የምትሠራኝም እሷው። አንድ ቀን መጥታ ጠርሙሱ ፊት ቆመች። ብዙ ቆየች። “ሲያምሩ” አለች። “ከዓይን ያውጣችሁ” ሳትል፣ እንትፍ እንትፍ ሳትል ሄደች። እናቴ ከኋላዋ እያየች፣ የዚህች ሴት ዓይን አላማረኝም ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እሷ ወዲያው ረሳችው። እኔ አልረሳሁትም።

ለዓይን ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ። ወንድሜ የተወለደ ጊዜ እናቴ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም በጨርቅ ቋጥራ አንገቱ ላይ አስራለት ነበር። ዓሣ ደግሞ የሚታሰርበት አንገት የለው! ለወጥ ከተወቀጠው ነጭ ሽንኩርት ሰረቅሁ፣ ጤና አዳም ቀነጠስኩ፣ በቁራጭ ጨርቅ ቋጠርኩና ጠርሙሱ ውስጥ ጣልኩት። አሁን ትምጣና ትያቸው አልኩ በልቤ።

ጠዋት ስወጣ ጎረቤታችን ጠርሙሱ ላይ አጎንብሳለች። እጇ እስከ ክንዷ ርሷል፣ መዳፏን ጨብጣለች። ስታየኝ ደነገጠች፤ የጨበጠችውን ከነጠላዋ ሥር ሸጉጣ ቤቷ ገባች። ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። ቋጠሮዬ የለም።

ነገሩ ግልጽ ነበር፤ መከላከያውን አውጥታ በልታቸዋለች።

እየጮህኩ ገባሁ። ስለ ቋጠሮው ግን ትንፍሽ አላልኩም፣ ቀበቶው አለ። የነገርኳቸው እጇን ስታስገባ ማየቴን ብቻ ነው። አባቴና እናቴ በሯ ላይ ቆሙ፤ ግቢው በሙሉ ወጣ። እናቴ እጅሽን አስገብተሻል ወይ ብላ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ እናቴን አየች፣ አባቴን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

“አስገብቻለሁ። ይቅር በሉኝ” አለች።

እኔ ከእናቴ ቀሚስ ጀርባ ሆኜ፣ ይኸው አመነች አልኩ።

ከዚያ ወዲያ እሷ ቤት አልበላሁም። እሷ ስታልፍ እናቶች ሕፃኖቻቸውን በነጠላ መሸፈን ጀመሩ። ማታ ማታ የስፌት መኪናዋ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል፤ ድምፁ ሲቋረጥ፣ ደግሞ ምን ልታደርግ ይሆን እላለሁ።

ግቢያችን ለልማት ሲፈርስ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ መስታወት የለበሰ ሕንፃ ቆሟል። ዕቃዋ ተጭኖ ሲያልቅ ጠራችኝና በጆሮዬ፣ “የኔ እናት፣ ደግሞ ዓሣ ከገዛሽ ውሃ ብቻውን ይበቃቸዋል” አለችኝ። እንኳን ሊገባኝ! ሥራዋ እያንገበገባት ነው ብዬ ጉንጬን እንኳ በቅጡ አልሰጠኋትም።

ባለፈው ወር ለልጄ ዓሣ ልገዛላት ሄድን። ሻጩ፣ ውሃው ውስጥ ምንም ባዕድ ነገር እንዳይገባ፣ ይገላቸዋል አለን። ለካ የገደላቸው የእኔ ቋጠሮ ነው። ያን ነጭ ሽንኩርት የቋጠርኩበት ጨርቅ እኮ እሷው አሻንጉሊት ሥሪበት ብላ የሰጠችኝ የትራስ ቁራጭ ነው! ገና ስታየው የማን እጅ እንደሆነ አውቃለች። ያወጣችው ከአባቴ ቀበቶ ልታድነኝ ነው። አንድ ቃል ብትናገር ስሟ ይነጻ ነበር፤ አልተናገረችም። አፈርኩ፤ ዛሬም አፍራለሁ።

አፈላልጌ አዲሱ ሰፈሯ ደረስኩ። ካረፈች ዓመት አልፏታል። ጎረቤቶቿ ደግ ሴት ነበረች፣ አንድ ነገር ብቻ ይገርመን ነበር አሉኝ፤ ሕፃን ካየች ፊቷን አዙራ መንገድ ትለውጥ ነበር። ለምን እንደሆነ የማውቀው ነገር ካለ ጠየቁኝ።

“እንጃ” አልኳቸው።