እሽሽ! አባባ ተኝቷል

ዳቦ ጋጋሪው ሁለት ድምፅ አለው። አንደኛው የዳቦ ቤቱ ነው፤ የሊጥ ማቡኪያው ማሽን እየተንገጫገጨ፣ «ዱቄቱን አምጣው! በሩን ዝጋው! ማነው ደግሞ ጨው የረሳው?» ብሎ ሲያንባርቅ ከመንገዱ ማዶ የተኛ ውሻ ብድግ ይላል። ሁለተኛው የቤቱ ነው፤ እሱ እንኳን ድምፅም አይባል፣ በቁልፍ ቀዳዳ የሚገባ ንፋስ በሉት። ሌሊቱን ሲጋግር ያድርና ሰው ሥራ ሲገባ እሱ አልጋው ውስጥ ይገባል። ሰፈሩ «የሌሊት ወፍ» ያለው ወዶ አይደለም።

እሱ ሲተኛ ታዲያ ቤቱ በሙሉ አብሮት ይተኛል። የዚያ ቤት ፖሊስ አማቱ፣ የሚስቱ እናት ናቸው። የበሩን ማጠፊያ ዘይት ይቀቡታል፣ የወንበር እግር ላይ ጨርቅ ያስራሉ፣ ድስት ሲከድኑ ሕፃን የሚያስተኙ ነው የሚመስሉት። ማንኪያ ከእጃቸው ካመለጠ ማንኪያውን አፍጥጠው ያዩታል፤ እውነቴን ነው፣ ማንኪያው ራሱ ያፍራል። ጎረቤታቸው ጸጉር ሠሪዋ እንኳን፣ ያቺ የጸጉር ማድረቂያ ካስክ ውስጥ ለተቀመጠች ደንበኛ ወሬዋን ሳታስመልጥ የምታሰማዋ ባለጉሮሮ፣ እዚያ ደጃፍ ስትደርስ ጫማዋን በእጇ ትይዛለች። «ተኝቷል?» ትላለች በከንፈሯ። «ተኝቷል» ይሏታል አማቱ በቅንድባቸው። ከዚያ ሐሜቱ በሹክሹክታ ይወርዳል። ሐሜት እንደሆነ ድሮም ሲያንሾካሹኩት ነው የሚጥመው!

ልጅቷ የተወለደችው እዚህ ቤት ነው። ሦስት ዓመቷን ጨርሳ አራተኛውን ጀምራለች። ምላሷ መቀስ ነው፤ ትጠይቃለች፣ ትከራከራለች፣ አያቷን ትቆጣለች። ግን ሁሉንም በሹክሹክታ። «እማማ፣ ድመት ለምንድነው ጢም ያላት?» በሹክሹክታ። «አልበላም አልኩ እኮ!» ይሄም በሹክሹክታ፣ እግሯን ምንጣፍ ላይ በቀስታ እየመታች። የሰፈር ልጆች «ትንፋሽ» የሚል ስም አወጡላት። ቤቱ ውስጥ ግን አንድም ሰው ልብ አላለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ አይደል!

ነገሩን ያፈነዳችው የመዋዕለ ሕፃናቱ አስተማሪ ናት። እናትየው ልጇን ልትወስድ ስትሄድ ወደ ጥግ ሳበቻት። «እህቴ፣ አትቀየሚኝና፣ ይቺ ልጅ ድምፅ የላትም እንዴ? መዝሙር ስንዘምር ከንፈሯ ይሄዳል፣ የሚሰማ ነገር የለም። ወድቃ ጉልበቷ ተልጦ እንኳን አልጮኸችም። ለሐኪም አሳያችኋት?»

ያን ቀን የሌሊት ወፍ እንቅልፍ አልወሰደውም። ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ሲያስብ፣ ለካ የገዛ ልጁን ድምፅ ሰምቶ አያውቅም! ሚስቱን ጠራት።

«ስሚማ፣ ይቺ ልጅ ጮኻ ታውቃለች?»

ሚስቱ ቆማ አሰበች፣ አሰበችና፣ «ስትወለድ» አለችው።

ጸጉር ሠሪዋ ወሬው ደርሷት ሮጣ መጣች። «የአንዲት ደንበኛዬ የእህት ልጅ እንዲሁ ሆኖ፣ ጉሮሮው ውስጥ የሆነ ነገር በቅሎ ተገኘ። ላስፈራህ ብዬ አይደለም፣ ወንድሜ።» አስፈራችው! አማቱ በበኩላቸው፣ «ዝም አይነቅዝም! ልጅቷ ጨዋ ስለሆነች ነው። የኔ ወገን ናት» አሉ። እሱ ግን ልቡ አላረፈም። ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ቢሰጡት አይለውጣትም ያቺን ልጅ፤ ድምፅ ከሌላት ነገ ማን ይሰማታል?

ተያይዘው ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ጉሮሮዋ ታየ፣ ደህና። ጆሮዋ ተለካ፣ ደህና፤ እንዲያውም ከኮሪደሩ ጫፍ የከረሜላ ወረቀት ሲከፈት ትሰማለች። ከዚያ የንግግር ባለሙያዋ ክፍል ገቡ። መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ቀልጣፋ ሴት ናት።

«ስትስቅስ ድምፅ ይወጣታል? ስታለቅስስ?»

አባት ሚስቱን አየ፣ ሚስት እናቷን አየች። «ስታለቅስ...» አለች ሚስት፣ «ትራስ አፏ ላይ ታደርጋለች።»

«ማን አስተማራት?»

አማት መሐረባቸውን አራት ቦታ አጠፉት።

ባለሙያዋ ጎንበስ አለችና ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች። «ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። እናንተስ ለምንድነው የምታንሾካሹኩት?»

ክው አሉ! ለካ ከገቡ ጀምሮ ሦስቱም በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት። ባለሙያዋም ሳታውቀው ድምጿን ዝቅ አድርጋላቸዋለች። የሌሊቱን ሥራ፣ የቀኑን እንቅልፍ፣ ዘይት የተቀባውን በር ሁሉ ሲነግሯት በሳቅ ልትሞት ደረሰች።

«ልጅ የሰማውን ነው የሚያወራው» አለች እንባዋን እየጠረገች። «እናንተ ቤት ንግግር ማለት ሹክሹክታ ነው፤ በደንብ አድርጋ ተምራለች! በዚህ ዕድሜ ልጆች ‹ረ›ን ‹ለ› ቢሉ፣ ከራሳቸው ጋር ቢያወሩ፣ ለጥቂት ጊዜ ቃል መጀመሪያ ላይ ቢንተባተቡ፣ ብዙ ጊዜ በራሱ ያልፋል። እኔን የሚያስፈራኝ ስትጠሩት ዞር የማይል ልጅ ነው፤ የነገሩት የማይገባው፣ የሚያውቀው ቃል የጠፋበት፣ ለማውራት ሲታገል ፊቱ የሚጨማደድ፣ ድምፁ ጎርንኖ የሚቀር። እንዲህ ያለውን ነገ ዛሬ ሳትሉ አምጡልኝ።»

«የሷ መድኃኒት ታዲያ ምንድነው?» አለ አባት።

«ጫጫታ! እሷን ‹ጩኺ› እያላችሁ አታስጨንቋት፤ እናንተው ተንጫጩ። በጥቂት ሳምንት ድምጿን ካልሰማችሁ ግን ተመለሱ፣ ሌላ ነገር እናያለን።»

ይቺን «ካልሰማችሁ» የምትለዋን ቃል አባት እስከ ቤት ድረስ ሲደጋግማት ሄደ።

ቤት ገብተው ሊንጫጩ ሞከሩ። አማት የድስት ክዳን ሆን ብለው ጣሉና፣ ወዲያው አንስተው ክዳኑን «ይቅርታ» አሉት። ሚስት ልትዘፍን አፏን ስትከፍት የወጣው የዛገ በር ድምፅ ነው። ልጅቷ ደንግጣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። «እሽሽ! አባባ ተኝቷል!»

«ተነስቻለሁ እኮ! ይኸው ቆሜ!» አለ አባትየው አጠገቧ።

«እሽሽ!» አለችው።

ሳምንቱ ሄደ፣ ሌላው መጣ፣ ወይ ፍንክች። አንድ ቀን ከሰዓት ለማታ የሚሸጠው ዳቦ ሲጋገር፣ ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አወጣትና ዳቦ ቤት ወስዶ አወረዳት። ማሽኑ ይንገጫገጫል፣ ሠራተኛው ይጯጯሃል። አባትየው እንደለመደው፣ «ሊጡ ደረሰ ወይ?» ብሎ ሲያንባርቅ ልጅቷ አንገቷን አስግጋ አየችው። ይሄን ሰውዬ አታውቀውም!

የሆነ ነገር አለችው። ከንፈሯ ሄደ፣ ማሽኑ ዋጠው።

«ምን አልሽ?» አለ ተንበርክኮ። ደገመችው። «አልሰማሁሽም፣ የኔ እናት!» ማስመሰሉ አልነበረም፣ እውነትም አልተሰማውም። ሊጥ አቡኪው እጁን እየጠረገ መጣ። ዱቄት ተሸካሚው ጆንያውን ጣለና መጣ። ምድጃ ጠባቂው ሳይቀር ምድጃውን ትቶ መጣ። ሁሉም የልጅቷን ከንፈር እያዩ፣ ጎል ሊገባ ነው አይነት፣ ትንፋሻቸውን ያዙ።

እሷ ግን እነሱን አይደለም የምታየው፤ ከኋላቸው ነው። ዓይኗ ፈጠጠ። የአባቷን ሱሪ ጎተተች፣ አንሾካሾከች። የሚሰማት የለም። እግሯን አነሳችና መሬቱን ደለቀችው፣ ደረቷ ተነፋ፤

«አባባ! ዳቦው! ዳቦው ተቃጠለ! ኧረ ዳቦው ተቃጠለ!»

ድምፅ! ምን ያለ ድምፅ! ማሽኑን በጥሶት ወጣ! ወፍራም፣ ጥርት ያለ፣ ቁርጥ የአባቷ! ከምድጃው ጭሱ እየተግተለተለ ነው፣ ምድጃ ጠባቂው «ወይኔ!» ብሎ በረረ፣ አባትየው ልጁን ወደ ጣሪያ አጉኗታል።

«ጌታዬ፣ ዳቦው ከሰል ሆነ!»

«ይሁን! ይክሰል! እንደገና በዪው፣ የኔ እናት! ምን ሆነ በዪ?»

«ተቃጠለ!» አለች እየሳቀች፣ ሳቋም በድምፅ። ያን ማታ ሰፈሩ ጥቁር ዳቦ በላ፤ ያማረረ ሰው ቢኖርም የሌሊት ወፍ አልሰማውም።

አሁን ጥጥ በሁለቱም ጆሮው ወትፎ ነው የሚተኛው። አንድ ጠዋት ጸጉር ሠሪዋ፣ ልማድ ሆኖባት፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ደጃፉ ላይ ብቅ አለች። «ተኝቷል?» አለች በከንፈሯ።

«አዎ!» አለች ልጅቷ ለመንገዱ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ። «አባባ ተኝቷል! እንዳትጮሂ!»

እሱ አልጋው ላይ ተገላበጠና ከአንድ ጆሮው ጥጡን አወጣ፣ ደግማ ብትለው ልስማት ብሎ።