ገብረ ጻድቅ «ሳዲክ» የተባለ ጊዜ

ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ በሚዛወርበት ዘመን፣ ገብረ ጻድቅ የሚባል አጋሰስ ጫኝ አንኮበር ነበር። የቄስ ልጅ ነው፤ አባቱ ከሞቱ ወዲህ እናቱን ወይዘሮ በሰለችን የሚጦረው እሱ ነው። አንድ ዓመት በዐቢይ ጾም ከባሕር ማዶ ለመጣ እንግሊዝ ተቀጠረ።

እንግሊዙ ደግ ሰው ነበር፤ ችግሩ ምላሱ ነው። «ገብረ»ን ረዘመብኝ ብሎ ጣላት። «ጻ» ሲል «ሳ»፣ «ቅ» ሲል «ክ» እየሆነበት ሰውየውን «ሳዲክ» አድርጎት አረፈ። ገብረ ጻድቅ አፉን እያሳየ ሊያስተምረው ቢሞክር፣ ምራቁን ከመርጨት በቀር የተማረው ነገር የለም። በኋላ ገብረ ጻድቅ ሰለቸውና ዝም ብሎ «አቤት» ይል ጀመር። ጉድ የሠራችው ይቺ «አቤት» ናት።

አልዩ አምባ ገበያ በወረዱ ቀን እንግሊዙ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል «ሳዲክ፣ ሳዲክ» እያለ ተጣራ፤ እሱም አቤት አለ። ሳዲክ የእስላም ስም ነውና፣ ሙስሊም ነጋዴዎች ከእነሱ ወገን መስሏቸው በሰላምታ ተቀበሉት። የአንኮበር ገበያተኞች ይህን ሁሉ አዩ። ሰው በሃይማኖት ነገር ጎረቤቱን የሚጠረጥርበት ጊዜ ነውና፣ ገብረ ጻድቅ ዳገቱን ወጥቶ ሳይጨርስ «የቄሱ ልጅ ሰለመ» የሚለው ወሬ ቀድሞት ገባ። ማተቡን ቢያሳያቸው፣ ክር ማሰር ማንን ያቅታል አሉት።

የሰውስ ወሬ ይሁን፤ እሱን ያስጨነቀው ፋሲካ ነው። የቤቱን በግ የሚያርደው እሱ ነው፤ ክርስቲያን ደግሞ እስላም ያረደውን አይበላም። እናቱ እጁን ከተጸየፉት ምን ቀረው?

ቅዳሜ ጌታው ራሱ ይመስክርልኝ ብሎ እንግሊዙን ለምኖ ቤቱ አመጣው። የእናቱ የነፍስ አባት አባ ዘርአ ዳዊትና ጎረቤታቸው አበባው ተቀምጠዋል። እንግዳው ጥቂት አማርኛ ይሰማ ስለነበር፣ አባ ዘርአ ዳዊት «የዚህ ሰው ስም ማን ነው?» ብለው ጠየቁት።

እንግሊዙ የገብረ ጻድቅን ትከሻ መታ መታ አድርጎ፣ ደስ እያለው፣ «ሳዲክ» አለ። «በጣም ጥሩ ሰው፣ ሳዲክ።»

እንዲህ ያለ ምስክር ለጠላት አይስጥ። ገብረ ጻድቅ «አፉ እምቢ ብሎት እኮ ነው» እያለ ቢያስረዳም የሚሰማው አላገኘም። አባ ዘርአ ዳዊት አቀርቅረው ወጡ።

በፋሲካ ጠዋት በጉ ደጅ ወጣ። ገብረ ጻድቅ ቢላዋውን ስሎ ሲነሣ እናቱ ብቅ አሉ። አልተቆጡም፤ እንባቸው ግን ይወርድ ነበር።

«ልጄ፣» አሉት፣ «ዘንድሮ አንተ በጉን ያዝ። ቢላዋውን ለአበባው ስጠው።»

ገብረ ጻድቅ ቢላዋውን በእጀታው በኩል አዙሮ ለጎረቤቱ ሰጠና ጎንበስ ብሎ የበጉን እግር ያዘ።