ቁልቋል ቆርጬ መከታን ያሳወርኩ ዕለት

ጥቅምት ነበር። በቆሎው አሽቷል፣ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ጣት ይቆርጣል። እናንተ ዛሬ ውሻ አስከትላችሁ ልትወጡ የተነሣችሁ፣ መጀመሪያ ይቺን ስሙኝና ከዚያ ትሄዳላችሁ።

ከደጀን በታች፣ መሬቱ ወደ ዓባይ መውረድ በሚጀምርበት አፋፍ ላይ የጎረቤቴ የእትየ ጠጅቱ ማሳ አለ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። በዚያ ዓመት አንድ ከርከሮ ለምዶባቸው የዓመት ቀለባቸውን ሊጨርሰው ደረሰ። ጠባቂያቸው መከታ የሚባል ቀይ ውሻ ብቻ ነው። እኔና አማቼ አዳሙ «እንገድልልዎታለን» ብለን ውሻውን ስንወስድ፣ «አደራ ቢራራ፣ ከሱ ሌላ ማንም የለኝም» አሉኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ «ምን ይነካዋል እትየ!» አልኩ። አፌ መቼም አያርፍም።

ሁለት ጦር፣ አንድ ገጀራና አንድ ኮዳ ይዘን ወጣን። ኮዳው ውስጥ ያለው አረቄ ነው። ለውርጩ ብለን እሱን ስንሞላ ውኃ የሚባል ነገር ትዝም አላለን።

ዱካው ግልጽ ነበር። ጤዛ ያዘለው ሣር ተጋድሟል፣ ጭቃው ላይ ሹል ኮቴ ታትሟል፣ በየቦታው የታኘከ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወድቋል። ረፋድ ላይ መከታ አፍንጫውን መሬት ለጥፎ ገደሉ ጥግ ወዳለ የቁልቋል ጥሻ ወሰደንና ቆሞ ይጮህ ጀመር። ከርከሮው ውስጥ ነው።

ቁልቋል ወተቱ ዓይን ያጠፋልና እንዴት እንደሚቆረጥ ታውቃላችሁ። ነፋሱን በጀርባ ሰጥቶ፣ ፊትን በጋቢ ሸፍኖ፣ ከብትና ውሻ አርቆ ነው። ለአጥር ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ይህ ይጠፋኛል? አዳሙም «ኧረ ተው፣ ዞረን እንግባ!» ብሎኝ ነበር። ማን ሊሰማው! ያመልጠናል ብዬ መግቢያውን የዘጋውን ቅርንጫፍ በገጀራ ሁለቴ አልኩት። ነጩ ወተት ተንዠቅዥቆ ወረደ። መከታ እግሬ ሥር ነበርና ሁሉም ፊቱ ላይ ፈሰሰ።

ውሻው ሲያለቅስ ጎንበስ አልኩ፤ በዚያው ቅጽበት ከርከሮው ወጣ። የዓመት ጥጃ ያክላል፣ ጥርሱ እንደ ማጭድ ቆልምሟል። ጦሬን ስሰብቅ እግሬ ተንሸራተተና በጀርባዬ ወደቅሁ፤ ጦሩም ገደል ገባ። «እመ ብርሃን!» ከማለት በቀር ምንም አልቀረኝም። ትንፋሹ ፊቴ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ መከታ ዓይኖቹ እንደተጨፈኑ፣ በአፍንጫው ብቻ እየተመራ መጥቶ የከርከሮውን የኋላ እግር ነክሶ አልለቅ አለ። ከርከሮው ወደሱ ሲዞር አዳሙ ጦሩን ጎኑ ላይ ሰካበት።

እኔ ተረፍኩ። ውሻው ግን ፊቱን መሬት ላይ ያሻል፣ ዓይኖቹ አብጠው ተደፍነዋል። ላጥብለት ኮዳውን ብከፍት አረቄ! ወይ እኔ ከንቱ! የእትየ አደራ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። ወንዙ ደግሞ የአንድ ሰዓት ቁልቁለት ነው። ውሻውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ስሮጥ ፍየል የምትጠብቅ አንዲት ሴትዮ አገኘሁ።

«ውኃ አለሽ?» ብላት ባዶ ቅሏን አሳየችኝ። ውሻውን አየት አደረገችና «ቁልቋል ነው አይደል?» ብላ አንዷን ፍየል ጎተተች። «ጭንቅላቱን ያዝልኝ። ረቡዕ ነው፣ ለኛስ ቢሆን መች ይጠጣል።» የፍየሏን ጡት ወደ ዓይኑ አዙራ አለበችበት። የአንዷ ወተት ሲያልቅ ሌላዋን፣ ከዚያም ሦስተኛዋን። በመጨረሻ ቀኝ ዓይኑ ተገለጠና አየኝ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አላፍርበትም።

ግራው ግን ነጭ እንደለበሰ ቀረ።

እትየ ደጃፍ ስደርስ «ከርከሮው ሞቷል» አልኩና ውሻውን ከትከሻዬ አወረድኩ። እሳቸው የውሻውን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው አዩት።

«ቁልቋሉን ማን ቆረጠው?»

«እኔ።»

የውሻውን ፊት በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉ። «እንግዲያ የጎደለችውን ዓይን አንተ ትሞላለህ። በቆሎው እስኪገባ ከሱ ጋር ማሳ ትጠብቃለህ።»

ለአንድ ዓመት መስሎኝ ነበር። ይኸው በየዓመቱ እሸት ሲደርስ ማንም ሳይጠራኝ እሄዳለሁ። እትየ እሸት ይጠብሱልናል፣ እኔ ወሬዬን አወራለሁ፣ ደስ ብሎኝ እውላለሁ። ኮዳዬ ውስጥ ያለው ውኃ ነው። አዳሙ እስካሁን ይስቅብኛል፣ ይሳቅ!

እናንተም ውኃ ያዙ። ቁልቋል ብቻ አይምሰላችሁ፤ የጉሎ ፍሬና እንዶድም ለውሻ መርዝ ነው። እምቧይ እየወረወራችሁ «አምጣ!» የምትሉትንም ጨዋታ ተዉት፣ እሱም መርዝ ነው።

መከታ አሁን አርጅቷል። ከማሳ መጠበቂያዋ ጎጆ ደጃፍ ጎን ለጎን ስንቀመጥ እኔ ሁልጊዜ በግራው ነኝ። በቀኝ የሚመጣውን እሱ ያያል፣ በግራ የሚመጣውን እኔ አይለታለሁ።