ጾመኛ ያበላችኝ ቁርስ

የፍልሰታ ጾም በገባ በማግስቱ፣ ነሐሴ 2003 ዓ.ም.፣ በማለዳው የጎንደር አውቶቡስ ተሳፍሬ ከአዲስ አበባ ወጣሁ። መድረሻዬ ካርቱም ነው። ታላቅ እህቴ ዘነበች እዚያ መኖር ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከተያየን ደግሞ ሰባት። አስተማሪ ስለሆንኩ ክረምቱን እረፍት ነኝ። «እትዬ፣ አንቺ መምጣት ካልቻልሽ ዘንድሮ እኔው እመጣለሁ» አልኳት በስልክ። ለሰው ሁሉ የነገርኩት ምክንያት ይኸው ነበር።

ለማንም ያልነገርኩት ምክንያትም ነበረኝ። ከስምንት ወር በፊት ጨጓራዬ ሲያስቸግረኝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እሳት የነካው ምግብ ሁሉ ሰውን እንደሚጎዳ የሚናገር ቪዲዮ አሳየችኝ። ሳምንት ሳይሞላ ምድጃዬን ሸጥኩ። ከዚያ በኋላ ምግቤ ካሮት፣ ሰላጣ፣ ሙዝ፣ አቮካዶና የተዘፈዘፈ ሱፍ ብቻ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ቀለል ብሎኝ ነበር፤ አልክድም። ግን በዚህ ላይ ጾም ደረብኩበት፤ ቤተ ክርስቲያን ያዘዘችውን ብቻ ሳይሆን እኔው ለራሴ የማዘውን ጭምር። ሁዳዴ ሲጋመስ ያ ነገር ጀመረኝ። ድንገት ይመጣል። ዳቦ ገዝቼ፣ በሬን ቆልፌ፣ ጣዕሙ እንኳ ሳይታወቀኝ እስኪያመኝ እበላለሁ። በማግስቱ ራሴን ለመቅጣት ጨርሶ አልበላም። በሦስተኛው ቀን እንደገና ያው። ተማሪዎቼን ስለ ራስ መግዛት የማስተምር ሴት ነኝ፤ ማን ፊት ቆሜ ይህን ልናገር?

አገር ብለውጥ ይተወኝ ይሆናል ብዬ ነበር የሄድኩት።

ከጎንደር እስከ ገላባት

ጎንደር አድሬ በማግስቱ በሰማንያ ብር የመተማ ሚኒባስ ያዝኩ። መንገዱ ከደጋው ጭጋግ ወጥቶ ወደ ቆላ ሲወርድ ነጠላዬን ጣልኩ፤ ቀጥሎ ሹራቤን። ከሸኽዲ በኋላ ግራና ቀኙ ሰሊጥና ማሽላ ነው፤ ዝናብ ስለጠገበ ሜዳው ሁሉ አረንጓዴ። ሾፌሩ ምሳ ሲያቆም ተሳፋሪው ሁሉ ሽሮ አዘዘ። እኔ ከመኪናው ጥላ ሥር ካሮቴን እየላጥኩ ቆየሁ። የሽሮው ሽታ ግን እስከ እኔ ድረስ መጣ።

ሁለት ሻንጣ ይዤ ነበር። በአንዱ ለእትዬ የሽሮ ዱቄት፣ በርበሬና ድርቆሽ አለ። ሌላው የእኔ ስንቅ ነው። መተማ ላይ የድንበሩን ድልድይ ተሻግሬ ገላባት ስደርስ የሱዳኑ ፈታሽ ሁለቱንም ከፈተ። በርበሬውን አሽትቶ አስነጠሰው። ካሮቱን ሲያይ ግን ግራ ገባውና ወደ እኔ ዞረ።

«ዳ ሹኑ? ይህ ሁሉ ለማን ነው?»

«ለእኔ። ምግቤ ነው» አልኩት በአስተርጓሚ።

«አርነብ!» ብሎ ሳቀ። ጥንቸል ማለቱ ነው። ማህተሙን ሲመታልኝም እየሳቀ ነበር። እኔም ሳቅሁ፤ ሻንጣውን ግን ቶሎ ዘጋሁት።

ዐማማ የዘጋው መንገድ

ገዳሪፍ አደርኩ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በሠላሳ አምስት ፓውንድ የካርቱም አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ያን ዓመት ረመዳንና ፍልሰታ ገጥመው ስለነበር አውቶቡሱ ውስጥ ውሃ የሚጠጣ ሰው የለም። ወድ መደኒን አልፈን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ያዘ። ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌዎች የራስ ጥምጥማቸውን፣ ዐማማቸውን፣ ፈትተው፣ እንደ ገመድ ዘርግተው አስፋልቱን ዘግተውታል። ደነገጥኩ፤ ሽፍታ መሰለኝ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝና በእጇ የመብላት ምልክት አሳየችኝ። ለካ የመንደሩ ሰዎች ናቸው፤ መንገደኛ ሳያፈጥር በደጃቸው እንዳያልፍ ነው ያገቱን። ምንጣፍ ተዘርግቷል፤ ትልልቅ ትሪዎች ተደርድረዋል። ወንዶቹ ወዲያ፣ እኛ ሴቶቹ ወዲህ ተቀመጥን። አንዲት አሮጊት ትኩስ ገንፎ ከነወጡ ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

«ጾም ነኝ» አልኳቸው፣ ደረቴን እየነካሁ በተማርኳት አንዲት የዐረብኛ ቃል።

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ፤ እነሱም ያንኑ ቃል እየደገሙ ደረታቸውን ነኩ። «ሁላችንም እኮ ጾመኛ ነን!»

ሦስት ተምር በልቼ፣ ውሃ ጠጥቼ ተነሳሁ። አሮጊቷ ቀና ብለው አዩኝ፤ ቅር እንዳላቸው ገባኝ። አውቶቡሱ ውስጥ ስቀመጥ ግን ኩራት ተሰማኝ። አሸነፍኩ አልኩ። ያን ያህል ደግ ሰው ፊት ነሥቼ ማሸነፌ ነው እንግዲህ!

ማዮ

እትዬ ከመናኸሪያ ተቀብላ አንገቴን አንቃ አለቀሰች። ፀጉሯ ሸብቷል። የምትኖረው ከካርቱም በስተደቡብ፣ ማዮ በሚባል ሰፈር ነው። አስፋልት የለውም፤ ያን ሰሞን ዘንቦ ስለነበር ባለሦስት እግሯ ረክሻ ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅራ ወርደን ገፋን። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በአንዱ እትዬ፣ በሌላው ሩቅያ የምትባል የወሎ ልጅ ይኖራሉ። ሁለቱም አል-ማንሺያ፣ ዓባይ ዳር ባሉት ትልልቅ ቤቶች ተቀጥረው ይሠራሉ፤ እትዬ ምግብ አብሳይ ናት፣ ሩቅያ ልጅ ትጠብቃለች። ስድስት ዓመት አብረው ሲኖሩ አንዷ ስትጾም ሌላዋ ድስት ትጥዳለች። ያን ወር ግን ሁለቱም ጾመኛ ነበሩ።

እትዬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሥራ ተመልሳ ጾሟን ስትፈታ ለእኔም ታቀርባለች። እኔ ከገበያ በግማሽ ፓውንድ የገዛሁትን ጅርጅር የሚሉትን ቅጠል ከቲማቲም ጋር እበላለሁ።

«አንድ ጉርሻ ብቻ» ትለኛለች።

«እትዬ፣ ነገርኩሽ እኮ፤ የበሰለ አልበላም።»

«ሰባት ዓመት ምን ባበስልላት ይሻላል እያልኩ ስጠብቅ...» ትልና ሳትጨርሰው ሳህኑን ታነሳለች። ሦስተኛው ቀን ላይ ማቅረቡንም ተወችው።

በስድስተኛው ቀን ሁለቱም ሥራ ውለው ብቻዬን ነበርኩ። ሩቅያ ማታ ሁለት የአገሯ ልጆች ሊያፈጥሩ ስለሚመጡ ከመውጣቷ በፊት ምስር ወጥ ሠርታ፣ ሳምቡሳ ጠብሳ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍና ሄዳለች። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላሁም። እትዬ ደውላ ማዳሟ እንግዳ ስላለባት እስከ ማታ እንደምትቆይ ነገረችኝ። አሥር ሰዓት ገደማ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። አንድ ሳምቡሳ ብቻ አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን በቅጡ አላስታውሰውም፤ ዝናቡ ሲያባራ ድስቱ ባዶ፣ ትሪውም ባዶ ነበር። የጾመኛ ማፍጠሪያ በላሁ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ተነሥቶ መሸሽ ሁሉ አማረኝ፤ ግን በዚያ ጭቃ፣ ቋንቋውን ሳላውቅ፣ ወዴት እሸሻለሁ?

ሩቅያ ለመግሪብ ሶላት አንድ ሰዓት ሲቀረው ገባች። ጫማዋን ይዛ፣ እግሯ በጭቃ ተለውሶ፣ ከንፈሯ ደርቆ። ጨርቁን ገለጠችው።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም፣ ሩቅያ።» ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ስድቡን እየጠበቅሁ ነበር። ጎኔ መጥታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚያደርግሽ?» አለችኝ ዝግ ብላ።

አለቀስኩ። ዳቦውን፣ የተቆለፈውን በር፣ ቅጣቱን፣ ሁሉንም ነገርኳት። አላቋረጠችኝም።

«እኔ እዚህ እንደመጣሁ የገባሁበት ቤት ማዳሚቱ ጓዳ ትቆልፍ ነበር» አለች። «የሚሰጡኝ በቀን አንዴ ነው። አንድ ቀን ቁልፉን ረስታ ወጣች። ወላሂ፣ ጥሬ ሊጥ ሳይቀር ነው የበላሁት። ከዚያ ቤት ከወጣሁ በኋላም፣ የጠገበ ቤት ገብቼ እንኳ፣ ዓመት ሙሉ እየተደበቅሁ በላሁ። ሆዴ አላመነኝም ነበር። ያንቺን ጓዳ ደግሞ የቆለፍሽው አንቺው ነሽ። አብሽሪ፣ ያልፋል። አሁን ተነሽ፤ ሽንኩርት ክተፊ፤ እንግዶቼ እየመጡ ነው።»

ስምንት ወር ቢላዋ ለወጥ አንስቼ አላውቅም። እሷ ከሱቅ ፉል ልታመጣ ስትሮጥ እኔ ከሰል አቀጣጠልኩ፤ ቲማቲም ቁሌት ሠራሁ። አዛን ሲል ትሪው ሞልቶ ነበር። እንግዶቹ ምንም አላወቁም። እኔ ወደ ጓዳ ልገባ ስል ሩቅያ ነጠላዬን ያዘች።

«አብረሽን ተቀመጪ።»

«መብላት እኮ አልችልም።»

«አትብዪ። ዝም ብለሽ ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ሰው ፊት ምግብ አጠገብ ሳልፈራ ስቀመጥ፣ ከወራት በኋላ የመጀመሪያዬ ነበር።

የጠዋቱ ቁርስ

እትዬ ስትመለስ ራሴ ነገርኳት። «እኔ እኮ የእጄን ምግብ የናቅሽብኝ መስሎኝ ነበር» ብላ አቀፈችኝ። ከዚያ በሦስተኛው ቀን የሐበሻው ቤተ ክርስቲያን ወስዳኝ አንድ አዛውንት ቄስ አነጋገርኩ። ብዙ አልሰበኩኝም። «ልጄ፣ ጾም የታመመን ማሰቃያ አይደለም» አሉኝ። «አገርሽ ስትገቢ ሐኪም እዪ። እስከዚያው በጠዋት ብዪ። ከምግብ ሳይሆን ከመደበቅ ጹሚ።»

ችግሩ ብቻዬን ቁርስ መጀመር መፍራቴ ነበር፤ ከጀመርኩ የማላቆም ይመስለኛል። ይህን ስትሰማ ሩቅያ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሥራ የምትወጣበትን ሰዓት በሃያ ደቂቃ ገፋችው። እሷ እስከ ማታ ውሃ የማትቀምስ ሴት፣ ማለዳ ፉል በቲማቲምና በጅርጅር አድርጋ ፊቴ ታስቀምጣለች፤ ራሷ በርጩማ ስባ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። ስለ ደሴ ታወራኛለች፤ ስለምታሳድገው ሱዳናዊ ሕፃን ትነግረኛለች፤ ስትስቅ ትንሽ ትንሽ እያልኩ እበላለሁ።

«አይርብሽም?» አልኳት አንድ ቀን።

«ይርበኛል እንጂ!» አለች። «አንቺ ስትበዪ ማየቱ ግን ደስ ይለኛል። ያላ፣ ቅዝቅዝ ሳይል ጨርሺ።»

ሁሉም ቀን እንዲያ አልነበረም። አንድ ከሰዓት ያ ነገር ሲመጣብኝ ለእትዬ ደወልኩ። «በሩን ዘግተሽ ውጪ፤ ጎረቤት ሐጃ ዘንድ ሂጂ» አለችኝ። ሄድኩ። ሱዳናዊቷ ሐጃ ምንም ሳይጠይቁ ባሚያ ሊያስቀነጥሱኝ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ሰማዩ ቀልቶ የአቧራ ማዕበል ሲመጣ መስኮቱን አብረን ዘጋን። ማዕበሉ ሲያልፍ የእኔም አልፎ ነበር። ሌላ ቀን ግን አላለፈልኝም፤ በላሁ። በማግስቱ ሩቅያ ቁርሱን እንደ ልማዷ አቀረበች፤ የቅጣት ጾም የሚባል ነገር አልሰማም አለች።

ፍልሰታ ሲፈታ እትዬ ፈቃድ ወስዳ ካርቱም ሁለት የሚባለውን ሰፈር አዞረችኝ። ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ ቤት ገብተን የወይን ፍሬ ጭማቂና ትኩስ ዳቦ አዘዝን። ዳቦውን ቆርሳ ሰጠችኝ። ትኩስ፣ ለስላሳ፣ ትንሽ ጨው ያለው ዳቦ ነበር። ስንት ዳቦ በልቼ ጣዕሙን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ጥሬ አትክልቱንም አልተውኩትም፤ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። አሁን ግን ከሽሮ ጎን ነው የሚቀመጠው።

መመለስ

ጳጉሜን ሳትገባ በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። ሩቅያ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ምን ብዬ እንደማመሰግናት ጠፍቶኝ እጇን ይዤ ስቆም፣ «ኢንሻላህ፣ ወሎ እንገናኛለን» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ።

አዲስ አበባ ገብቼ ሐኪም ጋ ሄድኩ። በሽታው ስም እንዳለው፣ ሕክምናም እንዳለው ነገረችኝ፤ እስካሁን እየተመላለስኩ ነው። ይህ ጉዞ አዳነኝ አልልም። ግን ለወራት ያፈርኩበትን ነገር ለሰው ስናገር ሰማይ እንዳልተደፋብኝ አይቻለሁ። ራሷ እየራባት የእኔን ቁርስ የጠበቀችልኝ ሴት በዚህ ዓለም ላይ አለች፤ ይህን እያወቅሁ ብቻዬን ነኝ ማለት ነውር መስሎ ይታየኛል።

በገባሁ በማግስቱ ጠዋት የአከራዬን የእማማ አልጣሽን በር አንኳኳሁ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። በእጄ ሁለት ዳቦና አንድ አቮካዶ ይዣለሁ።

«እማማ፣ ቁርስ ብቻዬን መብላት ይከብደኛል። ከእርስዎ ጋር ልብላ?»

በሩን ወለል አድርገው ከፈቱልኝ። «አራት ዓመት ሙሉ እኔም እኮ ብቻዬን ነው የምበላው» አሉና ወንበር ሳቡልኝ።