ለማሽን ዋስ ሆኜ ግሽ ዓባይ ደርሼ መጣሁ

ነገሩ በሙሉ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ብር ፈጅቶብኛል። ሱቄ ተዘግቶ የዋለባቸውን ሁለት ቀናት አላሰብሁም፤ እነሱን ካሰብሁ ይህን ጽሑፍ ለመጨረስ ልቤ አይፈቅድም። በገንዘቡ የገዛሁት ዕቃ ደግሞ በእጅ አይያዝም፣ በሚዛን አይወጣም። ከግሽ ዓባይ አጠገብ ካለች ደብር ተነሥቶ ፍኖተ ሰላም እስካለች አንዲት ኮምፒውተር ድረስ ፎቶ የሚሄድበት መንገድ ነው።

እኔ በርበሬ ነጋዴ ነኝ። ኮምፒውተር የማውቀው ሌላ ሰው ሲጎረጉረው ቆሜ በማየት ነበር። እዚህ ውስጥ ያስገባኝ የተወለድሁባት ደብር ድጓ ነው። ድጓው፣ ዜማው ሁሉ የተጻፈበት ትልቁ የብራና መጽሐፍ፣ ዳር ዳሩ እየተፈረፈረ ነው፤ ተማሪ በነካው ቁጥር አንድ ነገር ይጎድለዋል። የዜማ መምህሩ የኔታ ጥበቡ ቅጠል በቅጠል ፎቶ ተነሥቶ በወረቀት ይታተም፣ ተማሪው ከወረቀቱ ይማር፣ ብራናው ይረፍ አሉ። ፎቶውን የሚያነሣው ዲያቆን ይበልጣል ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ስለሆነ ላፕቶፕ አለው። የምታትመው ፍኖተ ሰላም ከሱቄ ፊት ለፊት ማተሚያ ቤት ያላት ስመኝ ናት።

የደብሩ ሰዎች አንድ ፍርሃት ነበራቸው። ፎቶው ሌባ እጅ ከገባ፣ ሌባው ምን እንዳለን ብቻ ሳይሆን የት እንዳስቀመጥነውም ያውቃል። ፍላሽ አይታሰብም። አምና የሰንበት ትምህርት ቤቱ መዝሙር በፍላሽ ለሾፌር ተሰጥቶ ነበር፤ ሾፌሩ መኪናው ላይ ሰክቶ አዳመጠው፣ ረዳቱ ወደደው፣ ሳምንት ሳይሞላ መናኸሪያው በሙሉ ስልኩ ላይ ጭኖት ነበር። ቴሌግራም ሲባሉ ደግሞ የኔታ «መንገድ ላይ ማን ቤት ነው የሚያድረው?» ብለው ጠየቁ፤ እሱም ቀረ። እኔው እየተመላለስሁ እንዳላመጣው፣ መጽሐፉ በሳምንት ከጥቂት ቅጠል በላይ አይገለጥም። ዓመቱን ሙሉ መኪና ላይ ልኖር ነው።

ስመኝ «ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ተቆልፎ የሚሄድበት አለ» አለች። የሰበካ ጉባኤው «ዋሱ ማነው?» አለ። እኔ አፌ ቀደመኝ። «አንዲት ቅጠል ከስመኝ ሌላ ሰው እጅ ብትታይ፣ ስሞት ከእናቴ አጠገብ እንዳትቀብሩኝ» አልሁ። ያልሁት በስልክ ነበር። የኔታ በዚያው ስልክ «ዋስ በስልክ አይቆምም፤ መጀመሪያ ሲላክ መጥተህ ቁም» አሉኝ።

ፍኖተ ሰላም፣ ከመነሣቴ በፊት

ስመኝ ኮምፒውተሯ ላይ ጥቁር መስኮት ከፈተች። ማውስ የለ፣ ሥዕል የለ፤ ነጭ ፊደል ብቻ ነው የሚጻፍበት። መጀመሪያ የትእዛዙ ስም ይጻፋል፣ ኤስሲፒ ይባላል። ቀጥሎ የዕቃው ስም፣ በመጨረሻ መድረሻው። በቃ። አንድ ኩንታል በርበሬ ለመጫን ከዚህ ይልቅ ብዙ ይወራል።

«መንገድ ላይ የሚያገኘው ቢኖርስ?» አልኋት።

«ቢያገኘውም ትርኪምርኪ ነው የሚያየው። ተቆልፎ ነው የሚሄደው።»

«ታዲያ እኔን ምን ያስኬደኛል?»

«ቁልፉ የሚጠብቀው መንገዱን ነው፣ አያ ጌጡ። በሩ ላይ የሚቀበለውን ሰው አይመርጥልህም። ቆልፈህ ለሌባ ካስረከብኸው ሌባው ራሱ ይከፍተዋል።»

ይህ ወዲያው ገባኝ። በርበሬ ልኬ፣ የተረከበው ሌላ ሰው ሆኖ ያውቃል። ስመኝ እንደነገረችኝ እያንዳንዱ ማሽን የራሱ አሻራ አለው፤ ትልቅና ትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ከቁጥር ጋር የተደባለቀበት አንድ ረጅም መስመር። የእሷን ማሽን አሻራ ከካርቶን በተቀደደ ቁራጭ ላይ ጽፋ ሰጠችኝ። «ላፕቶፑ መጀመሪያ ሲገናኝ ‹ይህን ማሽን ታውቁታላችሁ ወይ?› ብሎ አሻራውን ያሳያችኋል። ሰው ሁሉ ሳያነብ አዎ ይላል። እናንተ አስተያዩ።»

ካርቶኗን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትሁ። ዕድሜ ልኬን ብዙ ነገር ተሸክሜአለሁ፤ አሻራ ስሸከም ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

እስከ ቡሬ

ጠዋት በሚኒባስ ተነሣን፣ መቶ ብር። ወሩ ህዳር ነው፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ በየደጁ በርበሬ ተሰጥቶ መሬቱ ቀልቷል። ማንኩሳ ላይ አንዲት ሴት ሁለት ከረጢት በርበሬ ይዛ ገባችና ከዚያ በኋላ መኪናው ውስጥ ወሬ ቆመ፤ ሁሉም ማስነጠስ ያዘ። እኔ ብቻ አላስነጠስሁም። ሾፌሩ ይህን በመስተዋት አየና ሥራዬን አወቀ።

«ቡሬ ልትገዛ ነው ጌታው?»

«አይ፤ ወደ ግሽ ዓባይ አሻራ ላደርስ ነው።»

«የማን አሻራ?»

«የማሽን።»

«ፍላሽ ቢሆን እኔ በነፃ አደርስልህ ነበር» አለኝ። የአምናው ሾፌር እሱ ይሁን አይሁን አልጠየቅሁም። የሚያዘፍነውን ግን ጆሮዬን ጥዬ አዳመጥሁ።

ቡሬ ቁርስ በላሁ፤ ፍርፍርና ሻይ፣ መቶ ሠላሳ ብር። ገበያውን ሳላይ ማለፍ አልቻልሁምና አንድ ዙር ዞርሁ። የበርበሬው ዋጋ ከእኛ ከተማ ይሻላል። ሱቄ ተዘግቶ፣ እኔ ባዶ እጄን ቡሬ ገበያ መሃል ቆሜ ይህን ማወቄ የጉዞው የመጀመሪያ ቅጣት ነው።

ጥሊሊና ዳገቱ

የፈታምን ወንዝ ተሻግረን ጥሊሊ ስንደርስ አየሩ ተለወጠ። ድንች ሻጮቹ እርስ በርስ በአዊኛ ይነጋገራሉ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ይከራከራሉ፤ በሁለቱም አሸነፉኝ። ቅቅል ድንች በአዋዜ በላሁ። አዋዜው የማን በርበሬ እንደሆነ ጠየቅሁ፤ የእኔ አይደለም። ቢሆንም ጨረስሁት።

ከጥሊሊ ወደ ግሽ ዓባይ ያለው መንገድ ጠጠር ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ጠበል ሊቀዱ የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም ባዶ ጄሪካን ታቅፈዋል፣ ጎድጓዳው ላይ በወደቅን ቁጥር ጄሪካኑ ሁሉ አብሮ ይጮሃል። አንዲት እናት «ልጄ፣ አንተ መቅጃ የለህም?» አሉኝ። ለመላክ እንጂ ለመቅዳት እንዳልመጣሁ ብነግራቸው ረጅም ወሬ ይሆናል። «እዚያው እጠጣለሁ እማማ» አልኋቸው።

ከከተማዋ ወደ ደብሩ በእግር ነው። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል።

የኔታ ቤት

«ዋሱ መጣህ?» አሉኝ የኔታ፣ ገና ሰላም ሳንባባል።

«መጣሁ የኔታ። እንዴት ሰነበቱ?»

«የምሰነብተው ከመጽሐፉ እኩል ነው። ግባ።»

ዲያቆን ይበልጣል ላፕቶፑን መደቡ ላይ አስቀምጧል። ኢንተርኔቱን ከስልኩ ነው የሚያጋራው፤ ስልኩ ደግሞ ኔትወርክ የሚይዘው ከግድግዳው አንድ ሚስማር ላይ ሲንጠለጠል ብቻ ነው። እዚያ ተሰቅሏል። ዘጠኝ መቶ ብር የሞላሁት ጥቅል እዚያ ሚስማር ላይ ነበር የተንጠለጠለው።

ጥቁሩ መስኮት ተከፈተ። ይበልጣል የስመኝን አድራሻ ጻፈ፣ ጥያቄው መጣ። ካርቶኔን አወጣሁ። እሱ ከላፕቶፑ ያነባል፣ እኔ ካርቶኑ ላይ በጣቴ እከተላለሁ፣ የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው ተማሪ ቃሉን ሲያሰማቸው እንደሚሆኑት ያዳምጣሉ።

«ትልቁ ኬ፣ ትንሹ ኤም፣ ሰባት፣ ትንሹ...»

«አትሩጥ» አሉት የኔታ። «እሱ አልተከተለህም።»

እውነት ነው፤ ጠፍቶብኝ ነበር። ከመጀመሪያው ጀመርን። ከራስ እስከ እግሩ ገጠመ። ይበልጣል አዎ አለና ሁለት ቅጠል ላክን። መስኮቱ ላይ የፎቶው ስም፣ ከጎኑ በመቶ ስንት እንደደረሰ፣ ከዚያ መቶ። እኔ ያየሁት ይህን ብቻ ነው፤ ስመኝ ግን «ደረሰኝ» ብላ ደወለች። የኔታ «ይህች ብቻ ናት?» አሉ፤ ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ።

ሦስተኛው ቅጠል መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ይበልጣል እንደገና ሲሞክር መስኮቱ ትልልቅ ፊደል ሞላበት። የዚህ ማሽን አሻራ ተለውጧል፣ አንድ ሰው ተንኮል እየሠራባችሁ ሊሆን ይችላል፣ ይላል።

«ይኼ የተለመደ ነው» አለ ይበልጣል። «ትምህርት ቤትም ይመጣብናል። የድሮውን አሻራ አጥፍተን አዲሱን አዎ ካልነው ያልፋል።»

«አንብበኸው ታውቃለህ?»

«ማን ያነበዋል አያ ጌጡ!»

ስመኝ ጋ ደወልሁ፤ አይሠራም። ደጋግሜ ደወልሁ፤ አይሠራም። የመጨረሻው መኪና ከግሽ ዓባይ ሊነሣ ነው። የቀረው አምስት ቅጠል ነው፣ ብርዱ አጥንቴ ገብቷል፣ ሱቄ ዝግ ነው። እኔም ሰው ነኝ፤ «አዎ በለው» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር።

«አሁን የመለሰው ማነው?» አሉ የኔታ።

«አይታወቅም የኔታ። ያችው የስመኝ ማሽን ልትሆን ትችላለች።»

«ጌጡ፣ አንተ ዋስ የሆንኸው ለማን ነው?»

«ለስመኝ ማሽን።»

«በሩን ለከፈተ ሁሉ አይደለም?»

«አይደለም።»

«እንግዲያ ምን ያቆማችኋል? ዝጉትና ድንች ብሉ።»

ዘጋነው። መኪናው ያለ እኔ ሄደ።

በማግሥቱ

ስመኝ ጠዋት ደወለች። ፍኖተ ሰላም መብራት ጠፍቶ የእሷም ስልክ ባትሪ አልቆ ነበር። መብራቱ ሲመለስ የኢንተርኔት መስመሯ አድራሻ ተለውጦ ጠበቃት፤ ታርጋህ ተነሥቶ ለሌላ መኪና እንደሚሰጥ ማለት ነው። ማሽኗ ግን ያችው ናት።

«ታዲያ ትናንት የመለሰልን ማን ነበር?» አልኋት።

«እኔ ምን አውቄ! የድሮው አድራሻዬ የደረሰው ሰው ነዋ።»

ይበልጣል ሰማ። ካርቶኗን ከእጄ ራሱ ተቀበለኝ። አዲሱን አድራሻ ጻፈና አሻራውን አንድ በአንድ፣ ሳይሮጥ አነበበ። ያው ነው። ቀሪውን ስመኝ ባሳየችው በሌላው ትእዛዝ፣ በአርሲንክ፣ ላክነው። እሱ መጀመሪያ ወዲያ ማዶ ምን እንደደረሰ ይጠይቃል፤ መስመሩ ሲቋረጥ ደግሞ የደረሰውን ትቶ ከቆመበት ይቀጥላል። ስልኩ ከሚስማሩ ሁለት ጊዜ ወደቀ፣ ሁለቴም ከወደቀበት ቀጠለ። የእኔ ጫኞች እንዲህ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ጊዜ ፎቅ ነበረኝ።

ፍኖተ ሰላም

በዚያው ቀን ሳይመሽ ገባሁ። ስመኝ የመጀመሪያውን ቅጠል በትልቅ ወረቀት አትማ ጠበቀችኝ። ቀዩ ቀለም ቀይ ነው፣ ከፊደሉ ራስ ላይ ያሉት የዜማ ምልክቶች እንደ ጉንዳን መንገድ ጥርት ብለው ይታያሉ። የተፈረፈረው ዳሩ እንኳ ወጥቷል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ከዚህ በላይ አይፈረፈርም።

ከጉዞው የተማርሁት፣ ቁልፍ በገንዘብም በነፃም እንደሚገኝ ነው። ቸግሮ የሚገኘው መኪና ሊያመልጠው ሲል ቆሞ «ማነህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። እኔ ነጋዴ ነኝ ባይ ልረሳው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ለየኔታ ደወልሁ። መድረሱን ነገርኋቸውና «እንግዲህ ዋስነቴ ወረደልኝ?» አልሁ።

«መጽሐፉ ስንት ቅጠል ነው?»

«ሁለት መቶ ስምንት።»

«አንተ ነጋዴ ነህ፤ ቀንሰው» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ቀነስሁት። የወጣ፦ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ብር። የደረሰ፦ ሰባት ቅጠል። ቀሪ፦ ሁለት መቶ አንድ ቅጠልና አንድ ዋስ።