የአራተኛ ፎቅ መስኮቶች ነጥብ

ታላቅ እኅቴን ሰፈሩ ሁሉ «ወይዘሮ ነጥብ» ነው የሚላት። ሥራዋ ሕንፃ መገምገም ነው። ውኃ የሚቆጥብ፣ መብራት የማያባክን፣ ነፋስ የሚያስገባ ሕንፃ ነጥብ ይሰበስባል፤ ነጥቡ ከሞላለት «አረንጓዴ ሕንፃ» ተብሎ በሩ ላይ ሰሌዳ ይለጥፋል። ልማድ ሆኖባት ቤትም ነጥብ ትሰጣለች።

«ሾርባው ለጨው ሁለት ከሦስት!»

«ለአብሳዩስ?» ይላታል ባሏ።

«አብሳዩ ገና በምርመራ ላይ ነው።»

ያሳደገችን አክስታችን፣ እኅቴ ሰማንያ ስድስት ከመቶ በሰጠችው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር። ከሥራ ስትመለስ ደረቷን ይዛ «ልጄ፣ እዚያ አየሩ የቆመ ነው» ትላለች።

«እትዬ፣ ሕንፃው እኮ ሰማንያ ስድስት አለው!»

«እንግዲያው ሰማንያ ስድስቱን ልተንፍሰዋ!»

ስቀን ነበር። አክስታችን ካረፈች ሦስት ዓመቷ ነው። ሳንባዋ ከድሮም ደካማ ነበርና ሐኪሞቹም ምን እንደገደላት አልቆረጡም። እኅቴን ግን ያቺ ቀልድ ተከትላታለች፤ የሊፍት በር ሲዘጋ ትሰማታለች፣ የመኪና መስታወት ሲነሳ ትሰማታለች። አንዴማ ስብሰባ መሃል ብድግ ብላ «ማነው የሚያስለው?» አለች። ማንም አላሳለም።

ዘንድሮ የነጥብ አሰጣጡ ደንብ ተለወጠ። ድሮ ገምጋሚ ፕላን ይዘረጋል፤ መስኮቱ የሚከፈት ሆኖ ከተሣለ ነጥቡ ይሰጣል፣ አለቀ። አዲሱ ደንብ ግን በእጅህ ካልከፈትከው ነጥብ የለም፣ እዚያ የሚውል ሠራተኛም ይፈርም ይላል። አንዲት ማለፊያ ብቻ ቀርታለች፦ የበፊቱ ገምጋሚ ራሱ «ምንም አልተለወጠም» ብሎ ከፈረመ የድሮው ነጥብ እንዳለ ይሻገራል።

አክስታችን ትሠራበት የነበረው ሕንፃ የ«አረንጓዴ» ምስክር ወረቀቱ የሚታደስበት ጊዜ ሲደርስ አለቃዋ ጠራት።

«ያንቺ ሕንፃ ነው። አንድ ፊርማ ናት፤ ጣጣ አታምጪ።»

«ሄጄ ልየው።»

«ምኑን? ሕንፃ እግር የለው፣ የት ይሄድብሻል!»

ሄደች። በአክስታችን ወንበር ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣለች፣ መሐረብ በእጇ። እኅቴ ከሴትየዋ ኋላ ያለውን የመስኮት እጀታ ያዘች። እጀታው ዞረ፤ መስኮቱ ንቅንቅ አላለም። ጎንበስ ብላ ስታይ ጥግና ጥጉ በብሎን ተጠርቅሟል። ብሎኑ ቀለም ተቀብቷል፤ ቀለሙም ከግድግዳው ጋር በአንድ ቀን የተቀባ ነው። ሁለተኛውን ሞከረች፣ ሦስተኛውን ሞከረች፣ አሥራ አንዱንም አዳረሰች። አንድም የሚከፈት የለ። የስድስተኛው እጀታ ሞቆ ነበር ብላኛለች፣ ሰው ገና አሁን የለቀቀው ይመስል።

«መቼ ነው የታሸጉት?» ብላ የሕንፃውን አስተዳዳሪ ጠየቀችው።

«ከመጀመሪያውም እንዲሁ ናቸው። የማቀዝቀዣው ቅዝቃዜ እንዳይወጣ ተብሎ ነው። አንቺ አልነበርሽ እንዴ ያየሽው?»

አላየችም። ያየችው ፕላኑን ነው።

እንግዲህ ጉዱን ስሙ! «ምንም አልተለወጠም» ብላ ብትፈርም እኮ እውነት ነው፤ ውሸቱ ያለው ድሮ ላይ ነው። ከፈረመች ስሟ ይተርፋል። እውነቱን ካወጣች የገምጋሚነት ፈቃዷ ይሄዳል፤ ሃያ ዓመት የለፋችበት።

እስክሪብቶ አወጣች። ቅጹ ላይ ለመስኮት ዜሮ ጻፈች። ከሥሩም «ያኔም አይከፈቱም ነበር። ሳልሞክር ነጥብ ሰጥቻለሁ» ብላ ጨመረች።

አስተዳዳሪው አንገቱን አስግጎ አነበበ።

«ሴትዮ፣ ጤና የለሽም? በገዛ እጅሽ አንገትሽን ገመድ ውስጥ ታስገቢያለሽ!»

«ከሠራተኞቹ አንድ ሰው መፈረም አለበት» አለች እኅቴ።

«እኔ ማንንም ፈርም ብዬ አላዝም።»

የመዝገብ ቤቷ ሴት ተነሣች። ሳል ያዛት፤ እስኪለቃት ሁለቱም ቆመው ጠበቁ።

«ሳልታዘዝ ብፈርምስ?» አለችና እስክሪብቶውን ከእኅቴ እጅ ወሰደች።